የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ሲጠሩ ምን ይታይ? ከሰርቫይቨር 50 በፊት እንወያይ

የረቡዕ_ማታ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰዎች ደሴት ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ በድምፅ የሚያስወጡበትና የመጨረሻው አሸናፊ ሚሊዮን ዶላር የሚወስድበት የአሜሪካው የቴሌቪዥን ውድድር፣ ሰርቫይቨር፣ 50ኛው ሲዝኑ በ2026 ፌብሩዋሪ 25 ይጀምራል። 24ቱም ተወዳዳሪዎች ከዚህ በፊት የተጫወቱ ናቸው። ስማቸው ባለፈው ግንቦት ይፋ ከሆነ ጀምሮ የማነበው ክርክር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ «እገሌ እንዴት ይቀራል?»፣ «እገሊት ምን ሠርታ ተጠራች?»። ሰው በሰው እየነጠልን ነው የምንመዝነው።

እኔ ግን ተመላሾችን እንዲህ መመዘን ያሳስታል ባይ ነኝ። አዲስ ሰዎች ሲገቡ ማንም ማንንም አያውቅም፤ ሁሉም እኩል ይጀምራል። ተመላሾች ግን ገና ደሴቱን ሳይረግጡ ጨዋታው ተጀምሯል። አንዱ የሌላው ስልክ አለው፣ አንዱ ሌላው ሠርግ ላይ ተገኝቷል፣ አንዷ የዛሬ አሥር ዓመት የከዳቻትን አልረሳችም። ስለዚህ መራጮቹ (ተወዳዳሪዎቹን የሚጠሩት የፕሮግራሙ አዘጋጆች) መጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባው ማን ስለ ማን ምን እንደሚያውቅ ነው። የማን ጎበዝነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የ2004ቱን ኦል ስታርስ አስታውሱ። በታሪኩ የመጀመሪያው የተመላሾች ሲዝን ነው፤ 18 ሰዎች በሦስት ቡድን። ሮብ ማሪያኖና ሌክስ ቫን ደን በርግ ከጨዋታው ውጭ ወዳጆች ነበሩ። ቡድኖቹ ሲቀላቀሉ የሮብ አጋር አምበር ብቻዋን ወደ ሌክስ ቡድን ደረሰች፤ የመጀመሪያዋ ተባራሪ እንደምትሆን ማንም አልተጠራጠረም። ሮብ ሌክስን ጠጋ ብሎ አምበርን እንዲያቆይለት፣ እሱም በተራው እንደሚያስብለት ነገረው። ሌክስ አመነው። አምበርን አስቀርቶ ጄሪን አስወጣ። ቡድኖቹ እንደተዋሃዱ ሮብ መጀመሪያ ያስወጣው ሌክስን ነው። የሌክስን ፊት ያየ ሰው አይረሳውም። ያ ፊት በጨዋታ የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም፤ ወዳጁ የካደው ሰው ፊት ነበር። መጨረሻ ላይ ዳኞቹ (ቀድመው የወጡ ተወዳዳሪዎች) ሚሊዮኑን 4 ለ 3 ለአምበር ሰጡ፤ ሮብም በዚያው ምሽት በቀጥታ ስርጭት ለጋብቻ ጠየቃት። ለእነሱ ደስታ ነው። የቀሩት ግን ለዓመታት ሲቆስሉ ኖሩ።

አሁን የ50ኛውን ዝርዝር በዚህ ዓይን እዩት። ማይክ ዋይት፣ ክሪስቲያንና አንጀሊና ሦስቱም ከ37ኛው ናቸው። ኪው፣ ቲፈኒና ቻርሊ ሦስቱም ከ46ኛው። ካይል፣ ካሚላና ጆ ከ48ኛው። ካይልና ካሚላ ደግሞ ጥምረታቸውን ከሁሉም ሰውረው እስከ መጨረሻዎቹ አራት አብረው የዘለቁ ናቸው። ከ35ኛው ግን ክሪሲ ብቻዋን ናት፤ ከ47ኛው ዠኔቪዬቭ ብቻዋን። ታዲያ ይኼ እኩል አጀማመር ነው?

እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትመርጡ ነበር?


ችቦ_ያዥ

እህቴ፣ ያልሽው ገብቶኛል፤ ግን ጣቢያው የሚፈልገውንም አስቢ። ተመላሽ የሚጠራው ሕዝብ ስለሚወደው ነው። ኦል ስታርስ የተጀመረው በሱፐር ቦውል (የአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ) ምሽት፣ ከጨዋታው ቀጥሎ ነው። ያን ቦታ ማንም በማያውቃቸው 18 ሰዎች አይሞሉትም።

ደግሞ አንዳንድ ሰው አለ፣ ስንት ጊዜ ቢመጣ አይሰለችም። ሲሪ ፊልድስን ውሰጂ። 2006 ላይ ስትመጣ ቅጠል የምትፈራ፣ ከሶፋዋ ተነሥታ የመጣች ነርስ ነበረች። አራት ጊዜ ተጫውታ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። ጌም ቼንጀርስ (34ኛው ሲዝን) ላይ እንዴት እንደወጣች ታስታውሳላችሁ? ስድስት ቀርተዋል። ብራድ የዕለቱን ኢሚውኒቲ (ከመባረር የሚያድን መብት) ይዟል። ታይ ሁለት አይዶል (ያወጣበትን ሰው የተሰጠበትን ድምፅ የሚሽርለት ዕቃ) አውጥቶ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለኦብሪ ሰጠ። ትሮይዛንም የራሱን አወጣ። ሣራም የነበራትን ልዩ መብት ተጠቀመች። አቅራቢው ጄፍ ፕሮብስት ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ድምፅ ሊሰጥባት የሚችል አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። ማንም ስሟን ሳይጽፍባት፣ አንድ ድምፅ ሳይቆጠርባት ተሸኘች። የሸንጎው (ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ) ሰዎች ሁሉ ቆመው ነበር ያሰናበቷት።

ይቺ ሴት አምስተኛ ጊዜ ተጠራች ብለን ቅር ልንሰኝ ነው? በሌላ ፕሮግራም፣ በትሬተርስ የመጀመሪያ ሲዝን፣ ሁሉንም አታልላ 250,000 ዶላሩን ብቻዋን ይዛ መውጣቷ ምን ያህል ችሎታ እንዳላት ያሳያል። ለሰርቫይቨርም ቁጭቱ አልወጣላትም። ቁጭት ያለበት ሰው ነው ጥሩ ተመላሽ።


አዲስ_ገባ

ይቅርታ፣ እኔ ከ41ኛው ጀምሮ ነው የማየው። በየክሩ «የጄቲ ደብዳቤ» ሲባል እሰማለሁ። ከመረጣ ጋር ምን ያገናኘዋል?


የረቡዕ_ማታ

@አዲስ_ገባ እንኳን ጠየቅህ። የእኔ ሐሳብ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ እሱ ነው።

20ኛው ሲዝን፣ ሂሮስ ቨርሰስ ቪሌንስ፣ በ2010 የተላለፈው። 20 ተመላሾች፤ አሥሩ «ጀግኖች»፣ አሥሩ «ክፉዎች» ተብለው ተከፈሉ። አሥራ ዘጠኙን ሁሉም በቴሌቪዥን አይቷቸዋል። ራስል ሃንትዝን ግን ማንም አላየውም። ለምን ቢባል የእሱ ሲዝን፣ 19ኛው፣ ተቀርጾ አልቋል እንጂ ገና አልተላለፈም። ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው ነው የሄደው፤ ቦታውም ያው ሳሞአ ነበር።

ከጀግኖቹ ወገን የነበረው ጄቲ የ18ኛው ሲዝን አሸናፊ ነው፣ በሙሉ ድምፅ ያሸነፈ፣ ሞኝ ሰው አይደለም። ከማዶ ሲያይ የክፉዎቹ ወንዶች አንድ በአንድ ወጡ፦ ታይሰን፣ ሮብ፣ ኮች። የቀረው ወንድ ራስል ብቻ። «ሴቶቹ በፓርቫቲ መሪነት ተባብረው ወንዶቹን እያስወጡ ነው፤ ይኼ ምስኪን ቀጣዩ ነው» ብሎ ደመደመ። ስለዚህ ያገኘውን አይዶል ከደብዳቤ ጋር አድርጎ ለራስል በድብቅ አስጨበጠው፤ ራስህን አድን፣ ከዚያ ከእኛ ጋር ትሆናለህ የሚል ነው። ራስል ደብዳቤውን ወስዶ ለፓርቫቲና ለዳንኤል አነበበላቸው። እያነበበ የሳቁት ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። አይዶሉንም ለፓርቫቲ ሰጣት። ቡድኖቹ በተዋሃዱበት ምሽት ፓርቫቲ ያን አይዶልና የራሷን ሌላ አይዶል አውጥታ ለሳንድራና ለጄሪ አደረገች። ጀግኖቹ ጄሪ ላይ የጻፉት ድምፅ ሁሉ ባዶ ሆነ። የወጣው ጄቲ ነው፤ በገዛ አይዶሉ።

19ኛው ሲዝን ቀድሞ ተላልፎ ቢሆን ጄቲ ያንን ደብዳቤ አይጽፍም ነበር። አንድ ክፍል ማየት ብቻ ይበቃው ነበር። ያ ሰው በጅልነቱ የተሳቀበት፣ መራጮቹ የሰጡትና የነፈጉት መረጃ ስላልተመጣጠነ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ፣ ብዙ ሰው የማያነሣው። ራስል ራሱም ተጎድቷል። ያኔ የዳኞች ድምፅ የሚነበበው ከወራት በኋላ በቀጥታ ስርጭት ነበር። ስለዚህ ራስል 20ኛውን ሲጫወት 19ኛውን በናታሊ ዋይት 7 ለ 2 መሸነፉን አያውቅም። ያሸነፈ መስሎት ያንኑ አጨዋወት ደገመው። 20ኛው ላይ ሳንድራ 6፣ ፓርቫቲ 3፣ ራስል ዜሮ። ሰው ከስህተቱ እንዲማር ዕድል ሳትሰጠው መልሰህ ስትጠራው ምን ማለት ነው?


ሸንጎ_ተመልካች

የረቡዕ ማታ፣ ከ20ኛው የተሻለ ሲዝን ግን አለ? ያን የደብዳቤ ምሽት ከታሪኩ ብታወጪው ምን ይቀርሻል? አንቺ ጉድለት ያልሽው ነገር ነው የሲዝኑ ምርጥ ክፍል የሆነው።

ደግሞ ስለ ቀድሞ ግንኙነት። 40ኛውን፣ ዊነርስ አት ዋርን እይ። 20 አሸናፊዎች፣ ሽልማቱ ሁለት ሚሊዮን። ሁሉም ይተዋወቃሉ፤ ሮብና አምበር እንዲያውም ባልና ሚስት ሆነው ነው የመጡት። ያሸነፈው ቶኒ ነው። ቶኒን ማን ደገፈው? ሣራ። ሁለቱም ፖሊሶች ናቸው፣ 28ኛው ላይ በ2014 ተዋውቀው የተጣመሩ፣ ያኔ ያ ጥምረት ፈርሶ ሣራ የወጣች። 40ኛው ላይ እንደገና እጅና ጓንት ሆኑ። መጨረሻ ላይ አራት ሲቀሩ ቶኒ ሣራን በእሳት ማንደድ ሊገጥማት ሲገደድ እያለቀሰ ነበር። አሸነፋት፤ አለቀሰ። የስድስት ዓመት ታሪክ ባይኖራቸው ያ ዕንባ ከየት ይመጣል?

እንደ አንቺ አመራረጥ ቢሆን ቶኒና ሣራ አንድ ሲዝን ላይ አይገኙም ነበር።


የረቡዕ_ማታ

ሸንጎ፣ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ሐሳቤን በደንብ እንዳብራራ አደረግኸኝ። ግንኙነት ይጥፋ አላልኩም። ቶኒና ሣራን የሚያስተሳስራቸውን ነገር ሃያዎቹም በቴሌቪዥን አይተውታል። ከመካከላቸው የፈለገ ይፈራዋል፣ የፈለገ ይጠቀምበታል፣ የፈለገ ይበጥሰዋል። ሜዳው ላይ የተዘረጋ ነው። ሮብና አምበርም ላይ የሆነው እሱ ነው፤ ባልና ሚስትነታቸው የታወቀ ስለሆነ አምበር በሁለተኛው ሸንጎ ወጣች። ከእሷ በፊት የወጣችው ናታሊም ከጄረሚ ጋር ያላት ቅርበት ስለሚታወቅ ነው። አሳዘኑኝ፣ ግን ፍትሃዊ ነበር።

የእኔ ተቃውሞ በማይታየው ላይ ነው። የስልክ ንግግሩ፣ ከቀረጻው በፊት በየቤቱ የተሸረበው ጥምረት፣ አንዱ ያየው ሌላው ያላየው ሲዝን። ተመልካቹም አያየው፣ ግማሹ ተወዳዳሪም አያየው። በመጨረሻ አንድ ሰው ሲባረር ለምን እንደተባረረ ቤት ቁጭ ብለን ለምናይ ሰዎች አይገባንም።

ስለ 20ኛው ደግሞ፦ ለተመልካች ድንቅ ምሽት ነበር። ለተወዳዳሪው ግን ፍትሕ የጎደለው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።


የናይሮቢው_ጋሼ

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ይህን ጨዋታ የጀመርኩት በሦስተኛው ሲዝን ነው፤ ኬንያ፣ ሻባ በተባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ በተቀረጸው። ከኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው አካባቢውን ያውቀዋል፤ ቃጠሎው፣ አቧራው፣ እሾሁ። ውሃ ለማግኘት ዝሆንና ጎሽ ከሚጠጣበት ነበር የሚቀዱት።

አንድ ያልተነሣ ነገር ልጨምር። ተመላሽን ከአዲስ ሰው ጋር መቀላቀል። 2005 ጓቲማላ ላይ ስቴፈኒንና ቦቢ ጆንን ከአዲሶች ጋር አመጧቸው። ስቴፈኒ እስከ መጨረሻ ደርሳ በዳኒ 6 ለ 1 ተሸነፈች። 2011 ደግሞ ሮብ ለአራተኛ ጊዜ ተመለሰ፣ ሬደምፕሽን አይላንድ ላይ። አዲሶቹ ልጆች እንደ ጣዖት ነው ያዩት። የሚለውን ይሰማሉ፣ የሚያዘውን ይሠራሉ። 8 ለ 1 ለ 0 አሸነፈ። ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ግን ልጅ ሳሉ በቴሌቪዥን ያደነቁትን ሰው ከጎናቸው ሲያስቀምጡባቸው እንዴት ብለው ይታገሉታል? ወዲያው በሚቀጥለው ሲዝን ኮችም እንዲሁ አዲሶችን እየመራ መጨረሻ ደርሶ በሶፊ ተሸነፈ፣ 6 ለ 3። ስለዚህ አንዳንዱ ይነግሣል፣ አንዳንዱ ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ከአዲሶቹ ጋር በእኩል ዓይን የታየ ግን የለም።

ከድብልቁ ሁሉ ያለ ቅሬታ የተቀበልኩት 2012 ፊሊፒንስ ነው። የተጠሩት ሦስቱ ሰዎች ከዚያ በፊት በጉዳት ምክንያት በሐኪም ትእዛዝ የወጡ ነበሩ። ጆናታን ፔነር ጉልበቱ መርዞ፣ ራስል ስዋን ፈተና መካከል ራሱን ስቶ። ማንም አላሸነፋቸውም፤ አካላቸው ነው የከዳቸው። 45ኛው ላይ የተመለሰው ብሩስም እንዲሁ ነው፤ 44ኛው ላይ ገና በመጀመሪያው ፈተና ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር የወጣው። እንዲህ ላለ ሰው ሁለተኛ ዕድል መስጠት ማንንም አያስከፋም።


ችቦ_ያዥ

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ የብሩስን እኔም ደግፌው ነበር። ስለ ሮብ ግን አንድ ነገር ልበል፦ እስከዚያ ድረስ ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ሁሌም ከጎኑ ጠንካራ ተፎካካሪ ነበረው። ከአዲሶች ጋር ሲሆን ያሸነፈው እነሱን ሰው አድርጎ ስለያዛቸውም ነው። የአዲሶቹን ድክመት ለመራጮቹ ማሸከም ከበደኝ።


ነርሷ

ክሩን ከሥራ መልስ ነው ያነበብኩት። ሁላችሁም ስለ ጨዋታው ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ሰውየው ልናገር።

2013፣ ካራሞአን፣ ፋንስ ቨርሰስ ፌቨሪትስ ሁለተኛው። የራስልን የወንድም ልጅ፣ ብራንደን ሃንትዝን መልሰው ጠሩት። ልጁ የመጀመሪያ ሲዝኑ ላይ ሲቸገር፣ ሲያለቅስ፣ በቤተሰብ ስም ሲጨነቅ አይተነው ነበር። ተመልሶ መጣ፤ ከቀን ወደ ቀን ሲብስበት አየን። በመጨረሻ የቡድኑን ሩዝና ባቄላ አንሥቶ መሬት ላይ ደፋው። ቡድኑ ፈተናውን ለመወዳደር እንኳ እምቢ አለ፤ እሱን ለማስወጣት ሲል ተሸነፈ። ድምፁ በሸንጎ ሳይሆን እዚያው ፈተናው ሜዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ በአንድ በአፍ ነው የተሰጠው። ፕሮብስት ከጎኑ ቆሞ ትከሻውን እያሸ ያረጋጋው ነበር። ያን ያየሁ ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ነው የተቀመጥኩት።

ተወዳዳሪዎች ከመግባታቸው በፊት በሥነ ልቦና ባለሙያ እንደሚመረመሩ አውቃለሁ። አዲስ ሰው ሲሆን ባለሙያው የሚገምተው ነው ያለው፤ ሰውየው ተርቦ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ተከድቶ እንዴት እንደሚሆን ማንም አላየም። ተመላሽ ሲሆን ግን ግምት የለም። በጨዋታው በቆየባቸው ቀናት ሁሉ በካሜራ ተቀርጿል። ምን እንደሚያሳምመው በእጃቸው ነው። እያወቁ መጥራት ከባድ ኃላፊነት ነው፤ «አወዛጋቢ ስለሆነ ያደምቀዋል» ብሎ መጥራት ደግሞ በደል ነው።

በተረፈ የቤተሰብ ነገር። ጄና ሞራስካ 2004 ላይ እናቷ በካንሰር ታማ ሳለች ነው የሄደችው። አልቻለችም፣ ትታ ተመለሰች፤ ብዙም ሳይቆይ እናቷ አረፉ። እንኳን ተመለሰች። ኮሊን ሃስከል ደግሞ ከመጀመሪያው ሲዝን በጣም ከተወደዱት አንዷ ሆና ሳለች ለኦል ስታርስ ስትጠራ አልመጣም አለች። የእሷን እምቢታ ሁሌም አከብረዋለሁ።


የረቡዕ_ማታ

ነርሷ እህቴ፣ ይኼን አለማንሣቴ ቅር አለኝ። እኔ ማን ስለ ማን ምን ያውቃል አልኩ፤ አንቺ ደግሞ መራጩ ስለ ተመራጩ ምን ያውቃል አልሽ። ከሁሉም የሚቀድመው ይኼ ነው።


የፒያሳ_ልጅ

እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ሐሙስ ጠዋት ነው የማየው፤ ሳላየው ውጤቱን ከእናንተ እንዳልሰማ ስልኬን ዘግቼ።

የ2015ቱ ሴኮንድ ቻንስ እስካሁን ስሙ አልተነሣም፣ ይገርማል። የረቡዕ ማታ የምትለው ሁሉ እዚያ ተሟልቶ ነበር። 32 ዕጩዎች ቀረቡ። መስፈርቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ የተጫወተ፣ ያላሸነፈ። ከዚያ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አሥር ወንድ፣ አሥር ሴት መረጠ፤ ውጤቱ የ30ኛው ሲዝን ፍጻሜ ላይ በቀጥታ ተነገረ። ሃያዎቹ መድረክ ላይ ሲጠሩ የነበረውን ደስታ፣ ያልተጠሩት ደግሞ ፈገግ ብለው ሲያጨበጭቡ የነበረውን አስታውሳለሁ። ከዚያው ምሽት ወደ ቀረጻው ሄዱ።

በዚያ ሲዝን ሁሉም እኩል የተራበ ነው። ኬሊ ዊግልስወርዝ የመጀመሪያውን ሲዝን በአንድ ድምፅ፣ 4 ለ 3፣ በሪቻርድ ሃች ተሸንፋ 15 ዓመት ቆይታ ነው የተመለሰችው። ከእሷ ጎን ሲዝናቸው ገና የተጠናቀቀው ጆና ሺሪን አሉ። ዕድሜም ዘመንም ይለያያል፣ የጨዋታ ቁጥራቸው ግን እኩል ነው። ማንም አራተኛው፣ ማንም ሚሊዮነር አይደለም። ጄረሚ 10 ለ 0 አሸነፈ፤ ከተሸናፊዎቹ አንድ እንኳ ሲያጉረመርም አልሰማሁም።

50ኛው ላይ ስንቱ ነው አንድ ጊዜ ብቻ የተጫወተ? ቆጥሬዋለሁ፦ 17። ሰባቱ ደግሞ ከዚያ በላይ። ሲሪና ኦዚ እያንዳንዳቸው አራት አራት ጊዜ። ዲ፣ ካይልና ሳቫና ደግሞ አሸናፊዎች ናቸው። ያ ሁሉ በአንድ ድስት ነው የተጣደው።


ሸንጎ_ተመልካች

ፒያሳ፣ የሕዝብ ድምፁን ግን አታወድሰው። ዕጩዎቹ በማኅበራዊ ሚዲያ የምረጡኝ ዘመቻ ነው ያካሄዱት። ተከታይ የሌለው ምን ያድርግ? ዝም ብሎ ሥራውን የሚሠራ፣ ኢንተርኔት ላይ የማይታይ ሰው ተረሳ።


የናይሮቢው_ጋሼ

ለዚህ ምስክር እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ከዕጩዎቹ አንዷ ቲ-በርድ ነበረች፤ ቴሬሳ ኩፐር፣ የእኛይቱ የሻባ ሴት። የበረራ አስተናጋጅ፣ የልጆች እናት፣ ጨዋ። ከአምስቱ የመጨረሻ ሰዎች አንዷ የነበረች። ሕዝቡ አልመረጣትም። 50ኛውም ሲመጣ አልተጠራችም። ከዚያ ሲዝን የተመለሰው ሌክስ፣ ቶምና ኢታን ነው፤ ሦስቱም ወንዶች። ኢታን ዞን አሸናፊው ነበር፤ በሽልማቱ በአፍሪካ ወጣቶችን በእግር ኳስ ስለ ኤችአይቪ የሚያስተምር ድርጅት ከጓደኞቹ ጋር ስላቋቋመ ለእሱ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ግን ቲ-በርድስ?


ችቦ_ያዥ

ወደ ጌም ቼንጀርስ ልመለስ። ችግሩ ሰዎቹ አልነበሩም፣ የተለጠፈባቸው ስም ነው። «ጨዋታውን የቀየሩ» ብለህ 20 ሰው ስትጠራ፣ ግማሾቹ ምንም ያልቀየሩ ሲሆኑ፣ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ቀን ይታዘባል። ይባስ ብሎ በእውነት የቀየሩት ቀድመው ተጠረጉ፦ ሲየራ መጀመሪያ፣ ቶኒ ሁለተኛ፤ ሳንድራና ጄቲም ቡድኖቹ ሳይዋሃዱ። ሣራ በዝምታ አልፋ 7 ለ 3 ለ 0 አሸነፈች። ስም ካወጡ በኋላ ሰው ከመፈለግ መጀመሪያ ሰዎቹን መርጦ ከዚያ ስሙን ማውጣት ይሻላል።

በዚህ በኩል 50ኛው ይሻላል። ርእሱ ሕዝቡ የጨዋታውን ሕጎች ይወስናል የሚል ነው እንጂ በተወዳዳሪዎቹ ላይ ምንም አይለጥፍም።


አዲስ_ገባ

ሁሉንም አነበብኩ፣ ብዙ ተማርኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሳቫናና ሪዞ ከ49ኛው ቀጥታ ወደ 50ኛው ሄዱ አይደል? 49ኛውን ስናይ እኮ ሁለቱ 50ኛው ላይ እንደሚመለሱ እናውቅ ነበር። ያ የራስል ነገር ተደገመ ማለት ነው?


የረቡዕ_ማታ

በትክክል። 22ቱ ሰዎች ሳቫናንና ሪዞን ሳያዩ ነው ደሴት የገቡት፤ ሁለቱ ግን 22ቱን አይተዋል። አንድ ልዩነት አለ፦ ከ41ኛው እስከ 49ኛው ድምፁ እዚያው ፊጂ ላይ ስለተነበበ ሳቫና ማሸነፏን አውቃ ነው የሄደችው። እንደ ራስል አልታወረችም። ሌሎቹ ግን እንደ ጄቲ ናቸው፤ ከፊታቸው የቆመችው ሚሊዮኑን የወሰደች ሴት መሆኗን የሚነግራቸው የለም። በእኛም በተመልካቾች ላይ ጉዳት አለው። 49ኛውን ሳይ ሳቫና አደጋ ላይ በወደቀች ቁጥር «ለ50 የጠሯት በከንቱ አይደለም» እያልኩ ልቤ አልተንጠለጠለም።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሲዝኑ ተላልፎ ያላለቀ ሰው አይጠራ። አንድ ዓመት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ራሱንም በቴሌቪዥን አይቶ፣ ሰው ምን እንዳለው ሰምቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ ይመለስ። ነርሷ ላነሣችውም ይጠቅማል።


ሸንጎ_ተመልካች

በዚህ እስማማለሁ። የደብዳቤውን ምሽት ብወድም አንድ ጊዜ በቂ ነው።

እሺ፣ ስም እንጥራ። ለሚቀጥለው የተመላሾች ሲዝን የእኔ፦ ጄሲ ሎፔዝ ከ43ኛው። አራት ሲቀሩ በእሳት ማንደድ ተሸንፎ ወጣ፤ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሚሊዮኑ የእሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሻን ስሚዝ ከ41ኛው፣ ፓስተሯ። ዴቪ ሪከንባከር ከ37ኛው፤ ከዚያ ሲዝን ሦስት ሰው ተጠርቶ እሱ መዘለሉ አልገባኝም።


ነርሷ

ካሮሊን ከ44ኛው። ከሱስ አገግማ የወጣች፣ ያንንም በግልጽ የምትናገር ሴት ናት። ራሷ ዝግጁ ነኝ ካለችና ሐኪም ካረጋገጠ ብቻ።


የናይሮቢው_ጋሼ

የእኔን ታውቁታላችሁ። ቲ-በርድ።


የረቡዕ_ማታ

ጋሼ፣ የእርስዎ መጀመሪያ ይጻፍ። ዝርዝሩን ከታች እሰበስባለሁ። ስም ስትጠሩ ግን ሦስት ነገር ጨምሩልኝ፦ ስንት ጊዜ ተጫውቷል፣ ሲዝኑ ከተላለፈ ስንት ዓመት ሆነው፣ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ከማን ጋር ይቀራረባል። ከአንድ ሲዝን ከሁለት ሰው በላይ አልቀበልም። እስካሁን፦

ቴሬሳ «ቲ-በርድ» ኩፐር፣ 3ኛው ሲዝን፣ አንድ ጊዜ።
ዴቪ ሪከንባከር፣ 37ኛው፣ አንድ ጊዜ።
ሻን ስሚዝ፣ 41ኛው፣ አንድ ጊዜ።
ጄሲ ሎፔዝ፣ 43ኛው፣ አንድ ጊዜ።
ካሮሊን ዊገር፣ 44ኛው፣ አንድ ጊዜ፤ ነርሷ ባስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ።


የፒያሳ_ልጅ

ሼን ፓወርስ፣ 12ኛው። አንድ ጊዜ። በ2015 ዕጩ ነበረ፣ አልተመረጠም። ከሲሪ ጋር አንድ ሲዝን ነው የተጫወተው፤ ስለዚህ ሲሪ ከተጠራች እሱን አውጡት፣ ካልተጠራች አስገቡልኝ።